ካፒቴን ኔሞ በእንግሊዝኛ ሲናገር

አዲስ አበባ ውስጥ እግረኛ መንገድ ላይ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ፊት ትንሽ የቆመ ሰው የከተማዋን የንባብ ጠባይ በአምስት ደቂቃ ይረዳዋል። ዓይን ቶሎ በሚያርፍበት ቦታ ላይ «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» አለ። አጠገቡ የሮበርት ግሪን «48ቱ የሥልጣን ሕጎች» ተቀምጧል። ከዚያ የፖለቲከኞች ትውስታ፣ ከዚያ ዓለምን በስውር ስለሚመሩ ሰዎች የሚያወራ ነገር፣ ከዚያ የፈተና መለማመጃ። ልብ ወለድ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ከሁሉም በታች፣ ሌሎቹን አፈር እንዳይነካቸው የተነጠፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አይጠፋም። ዋጋውን የጠየቀ ሰው ካለ ሻጩ ራሱ ቀና ብሎ ያየዋል፤ የምሩን መሆኑን ለማጣራት።

ለዚያ ለተነጠፈው መጽሐፍ ጥብቅና መቆም ዛሬ ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ኑሮው፣ ጦርነቱ፣ የዶላሩ ነገር እያለ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ? ይሁንና ጠዋትና ማታ ወቅታዊ ጉዳይ የሚከታተል ሰው ከማንም በላይ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ምክንያቱም ዓለምን የሚያነበው በአንድ የውጭ ቋንቋ ብቻ፣ በዚያም ቋንቋ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ የሚደርሰው ዓለም ሌላ ሰው አስቀድሞ በመቀስ የሄደበት ነው። ይህ ለማሳመር የተባለ አይደለም። በትክክል የተፈጸመ ነገር ነው፤ ማስረጃውም የልጆች ንባብ ተብሎ በተናቀ ልብ ወለድ ውስጥ ይገኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዡል ቬርን «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» በፈረንሳይኛ የወጣው በ1869 እና በ1870 ነው። አገሩን የማይናገር፣ ከምድር ሰዎች ጋር የተቆራረጠ፣ ናውቲለስ በተባለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚኖር አንድ ካፒቴን አለ። ስሙ ኔሞ ነው፤ በላቲን «ማንም ያልሆነ» እንደማለት። ብዙም ሳይቆይ መርሲየር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ መጽሐፉን ተረጎመው። ሲተረጉም ከአንድ አምስተኛ የሚበልጠውን ቆርጦ ጣለ። ሳይንስ የረዘመበት ቦታ ሄደ፤ ፖለቲካ የሸተተበት ቦታም ሄደ። የቀረውም ቢሆን በጥንቃቄ የተሠራ አልነበረም። ገጸ ባሕርዩ «ባድላንድስ» ከሚባለው ወጣ ገባ የነብራስካ ምድር መመለሱን የሚናገረውን ሐረግ ቄሱ ቃል በቃል ወስዶት ነብራስካን በሙሉ ደስ የማትል ግዛት አደረጋት። የነብራስካ ሰዎች ምን እንዳሉ አልተመዘገበም።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ ይከፋል። በ1875 በተጠናቀቀው «ምሥጢራዊው ደሴት» በተባለው ልብ ወለድ ኔሞ ሊሞት ሲል ማንነቱን ይገልጣል። ዳካር የሚባል የህንድ ልዑል ነው። በ1857 ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ባነሡት አመፅ ተዋግቶ፣ ተሸንፎ፣ ቤተሰቡን አጥቷል። በፈረንሳይኛው ይህ ንግግር በቅኝ ገዢ ላይ የቀረበ ክስ ነው። በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን እንግሊዝን የሚወቅሰው ክፍል ለእንግሊዝ አንባቢ በሚመች መንገድ እንደገና ተጻፈ። ከሳሹ ሰው በራሱ አፍ ለተከሳሹ እንዲመሰክር ተደረገ ማለት ይቻላል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ያነበበ ህንዳዊ ተማሪ፣ ናይጄሪያዊ ተማሪ፣ ኬንያዊ ተማሪ እጁ ውስጥ የገባው የታረመው ኔሞ ነው። በዚህ መካከል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ቬርንን ጎበዝ የልጆች ተረት ነጋሪ ነው ብሎ ደመደመ። እንዴት አይደመድም? ቁም ነገሩን ቀድሞ አውጥቶበታል።

እዚህ ላይ «እንግሊዝ እንዲህ ናት» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ታሪኩ ግን አንድ ደረጃ ወደኋላ ይሄዳል። ቬርን ገና መጽሐፉን ሲያስብ ኔሞ ህንዳዊ አልነበረም። ሩሲያውያን ቤተሰቡን የጨረሱበት የፖላንድ መኳንንት ነበር። «አይሆንም» ያለው የራሱ ፈረንሳዊ አሳታሚ፣ ኤትዘል ነው። የሩሲያ ገበያና የሩሲያ መንግሥት ቅሬታ አሳስቦታል። ስለዚህ ኔሞ በመጀመሪያው መጽሐፍ አገር የለሽ ሆኖ ቀረ፤ በኋላ ህንዳዊ ሆነ። ፈረንሳይን የማያስቀይም ጠላት ተገኘለት፤ እንግሊዝ። ፈረንሳይኛ የራሱ መቀስ አለው፤ እንግሊዝኛም የራሱ መቀስ አለው። ልዩነቱ የሚቆርጡት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው የተቆረጠውን ቦታ ማየት አይችልም፤ ገጹ ሙሉ ሆኖ ነው የሚታየው። ሁለቱን ጎን ለጎን የዘረጋ ሰው ግን ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታየዋል።

ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ሁለቱን ጎን ለጎን የዘረጋች አገር ነበረች። ይህን ለማወቅ መዝገብ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ታክሲ መሳፈር ይበቃል። «ለገሃር» የሚለው ረዳት በፈረንሳይኛ «ባቡር ጣቢያው» እያለ ነው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለውም እንደዚሁ። የጦሩ ቁንጮ እስከ ዛሬ «ኤታማዦር ሹም» ይባላል፤ ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ አማርኛ። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳይኛ የቢሮውም የሐዲዱም ቋንቋ ነበር። ክቡር ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን ታዋቂ ተውኔት ወደ አማርኛ ሲመልሱ የልጅቷን ስም በ«ጀ» ሳይሆን በ«ዠ» ቤት ጻፉት፤ ጁልየት ሳትሆን ዡልየት። አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ወደ አማርኛ የገባበት በር ከዚያች ፊደል ላይ ይታያል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በበኩሉ «ኦቴሎ»ን በተረጎመበት እጁ የሞልየርን ቀልድ «የፌዝ ዶክተር» ብሎ መድረክ ላይ አወጣው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሁጎን «መከረኞቹ» እና የዲከንስን የለንደንና የፓሪስ ታሪክ ለአንድ አንባቢ አቀረበ። ማንም «አንዱን ምረጡ» አላላቸውም።

ከ1941 በኋላ ትምህርት ቤቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ መዞሩም የራሱ ምክንያት ነበረው። ፈረንሳይኛ በ1947 ወደተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም ግቢና ወደ ድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች ቤት ተሰበሰበ። የተማሪው እንቅስቃሴ ትውልድ ፋኖንን ሳይቀር ያነበበው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ፈረንሳይኛ ከዚያ ወዲህ «የሊሴ ልጆች ነገር» ሆነ፤ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የመደብ ምልክት። ይህ ለቋንቋውም ለአንባቢውም ክፉ ዕጣ ነው።

ከቋንቋው ባልተናነሰ የጠበበው የጽሑፉ ዓይነት ነው። «ልብ ወለድ ጊዜ ማጥፊያ ነው፤ እኔ እውነተኛ ነገር ነው የማነበው» የሚል ሰው ዛሬ እንደ ቁም ነገረኛ ይቆጠራል። እንዲህ ለሚል ሰው ነቢይ መኮንንን ማስታወስ ይገባል። በደርግ ጊዜ በፖለቲካ ታስሮ ሳለ፣ ሞት በር ላይ በቆመበት ክፍል ውስጥ፣ ነቢይ የተረጎመው የፖለቲካ ማኒፌስቶ አልነበረም። የማርጋሬት ሚቸልን የፍቅርና የእርስ በርስ ጦርነት ልብ ወለድ ነው። የጻፈውም በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ያ ትርጉም ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉ ነውር አለበት፤ የባሪያ አሳዳሪውን ወገን ናፍቆት እያሞቀ፣ ባሮቹን በዳር ቆመው የሚያገለግሉ ጥላዎች አድርጎ ያቀርባል። ይህን ማወቅ ይገባል። ግን እነዚያ እስረኞች የራሳቸውን ዘመን ጦርነትና ረሃብ የሚያዩበት መስተዋት ሲያጡ ያገኙት ከማዶ የመጣ የፍቅር ታሪክ ውስጥ ነው። የዜና ዘገባ ያንን አይሰጥም ነበር።

የፍቅር ታሪክ ይቅር፤ ከሁሉም የተናቀውን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማየት ይሻላል። ይህ ዘውግ ከመነሻው ሁለቱ ቋንቋዎች ኳስ የተቀባበሉበት ሜዳ ነው። በ1841 ኤድጋር አለን ፖ የተባለ አሜሪካዊ፣ ፓሪስን በዓይኑ ሳያይ፣ ዱፓን የተባለ ፓሪሳዊ መርማሪ ፈጠረ። አገሩ በቅጡ ሳያከብረው ባለቅኔው ቦድሌር ወደ ፈረንሳይኛ መለሰውና ፈረንሳይ እንደ ትልቅ ደራሲ ተቀበለችው። ከዚያ ጋቦሪዮ የሚባል ፈረንሳዊ ለኮክ የተባለ መርማሪ አመጣ። በ1887 ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን ሲያስነሣ ሆምስ በመጀመሪያው መጽሐፉ ዱፓንንም ለኮክንም ያጣጥላል፤ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያማ። ፈረንሳዮቹ ዝም አላሉም። ሞሪስ ለብላን አርሴን ሉፓን የተባለውን ጨዋ ሌባ ፈጥሮ ሼርሎክ ሆምስን እንዲያታልለው አደረገ። ዶይል ሲቆጣ ስሙን «ኤርሎክ ሾልሜስ» ብሎ ገልብጦ ቀጠለ! በ1920 አጋታ ክሪስቲ ተራውን ወሰደች፤ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጀግናዋን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤልጅጋዊ አደረገችው፤ ኤርኩል ፖይሮ። ዐሥር ዓመት ትንሽ አልፎ እውነተኛው ቤልጅጋዊ ዦርዥ ሲምኖን ኮሚሴር ሜግሬን ይዞ መጣ፤ በሰባ አምስት ልብ ወለዶች።

ክሪስቲንና ሲምኖንን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። የክሪስቲ ጥያቄ «ማን ገደለው?» ነው። ሰዎቹ አንድ ቤት ውስጥ ተዘግተዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ነው፤ በመጨረሻ ፖይሮ ሳሎን ሰብስቦ ይነግራቸዋል፤ ነገሩ ያልቃል። የሲምኖን ሜግሬ ግን ብዙ ጊዜ ገዳዩን ቀድሞ ይጠረጥረዋል። ሰፈሩ ገብቶ፣ ቡና ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ፒፓውን እያጨሰ የሚፈልገው ሌላ ነው። ይህ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ? ምን ገፋው? ሲይዘውም ብዙ ጊዜ ደስ አይለውም።

ይህን ወደ ቴሌግራም ማምጣት ነው። አንድ ነገር በአገር በተፈጠረ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ከጀርባው ማን አለ?» ሁለተኛውም እሱው ነው። ተንታኙ ሳሎን ሰብስቦ ጣቱን ይቀስራል፤ አንባቢው «አልኩ እኮ!» ይላል፤ በማግሥቱ ሌላ ሬሳ፣ ሌላ ሳሎን። ሁሉም ሰው ፖይሮ ሆኗል። ሰፈሩ ገብቶ፣ ያንን መንደር ምን እንደገፋው የሚጠይቅ ሜግሬ ግን የለም፤ ቢኖርም ዘገምተኛ ነው ተብሎ አይነበብም። ማንም ተንታኝ መርማሪ ልብ ወለድ በማንበብ ብቻ አይለወጥም። ነገር ግን «ማን?» ከሚለው ሌላ ጥያቄ መኖሩን ሰው የሚማረው ከሆነ ቦታ ነው፤ ሲምኖንን የመሰለ ርካሽ አስተማሪ ደግሞ አይገኝም። ለቋንቋ ጀማሪም ይመቻል፤ መጽሐፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ቃላቱም ሆን ተብሎ የተመጠኑ ናቸው።

«እንግሊዝኛው ሁሉንም ይተረጉመዋል፤ ዛሬ ደግሞ ስልኩም ይተረጉማል» የሚል መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። ግማሽ እውነት አለው። ፈረንሳይኛ ለመማር ጊዜና ገንዘብ የሌለው ሰው በእንግሊዝኛ ትርጉም ማንበቡ ካለማንበብ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን መርሲየርም ተርጓሚ ነበር። ምን እንደሚተረጎምና መቼ እንደሚተረጎም የሚወስነው የለንደንና የኒውዮርክ ገበያ ነው፤ ያ ገበያ ደግሞ ለአዲስ አበባ አንባቢ ተጨንቆ አያውቅም። ሐምሌ 2023 ኒጀር ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ አማርኛ አንባቢው ወሬውን ያገኘው ከሦስተኛ እጅ ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፤ በየደረጃው አንድ መቀስ። ስለ ማሊ፣ ስለ ቡርኪና ፋሶ፣ ስለ ኮንጎ የሚነገረውም በዚሁ መንገድ ይመጣል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ ውስጥ፣ የአህጉሩን ግማሽ የሚያህል ክርክር በጆሮ ጠገብ ብቻ መከታተል የሚያስገርም ነው።

ከበድ ያለው መልስ ሌላ ነው። ፈረንሳይኛ ራሱ የገዢ ቋንቋ አይደለም ወይ? ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት በፈረንሳይኛ የጻፉት አፍሪካውያን ናቸው። ሴኔጋላዊው ሴምቤን ኡስማን ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም ይሸከም የነበረ ሰው ነው። በ1960 ከዳካር ማሊ በሚዘልቀው ሐዲድ ላይ በ1947 እና በ1948 ስለተደረገው የባቡር ሠራተኞች አድማ ልብ ወለድ አወጣ። ውሃና ምግብ በተቋረጠበት ጊዜ አድማውን የተሸከሙት ሴቶቹ እንደነበሩ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፤ የድሬዳዋ ባቡር ቤተሰብ ቢያነበው እንደ ጎረቤቱ ታሪክ ያነበው ነበር። ነገር ግን ሴምቤን የጻፈላቸው ሰዎች ፈረንሳይኛ እንደማያነቡ ሲያይ ወደ ፊልም ዞረ፤ በ1968 «ማንዳቢ»ን በራሱ ቋንቋ፣ በወሎፍ ሠራ። ቋንቋውን አልጣለውም፤ አላመለከውም። አይቮሪኮስታዊው አህማዱ ኩሩማ ደግሞ በ1968 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ፈረንሳይኛውን እንደ ማሊንኬ አጣምሞ ሲጽፍ የፓሪስ አሳታሚዎች አልተቀበሉትም፤ መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። ገዢው ራሱ ቋንቋውን መልሶ ሲሰማው አላወቀውም።

ከሁሉ የሚቀርበው ጎረቤት ደግሞ አለ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ስንዴው፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው። ስለ ወደቡ ኪራይ አስተያየት የሌለው ኢትዮጵያዊ የለም። የጅቡቲን አንድ ደራሲ ስም የሚያውቅ ግን ስንት ነው? አብዱራህማን ዋበሪ በ1965 እዚያው ጅቡቲ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሰው ነው። በ2006 ባወጣው ልብ ወለድ ዓለምን ገልብጧታል። አፍሪካ ሀብታም የተባበረች አህጉር ናት፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚሰደዱ ድሆች በሯን ያንኳኳሉ፤ የአፍሪካ ጋዜጦችም ስለ ነጮቹ የጎሣ ግጭት በንቀት ይጽፋሉ። ይህን የጻፈው ከአዲስ አበባ በባቡር የሚደረስበት አገር ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2009 ወጥቷል፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛ አለማወቅ እንኳ ምክንያት አይሆንም።

በንባብ ስም የሚደረግ ሌላ ከንቱ ነገርም አለ። በዓመቱ መጨረሻ «ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት መጽሐፍ አነበብኩ» ብሎ በፎቶ የሚለጥፍ ሰው በዝቷል። ሃምሳ ሁለቱም ስለ ስኬት ከሆኑ አንድ መጽሐፍ ነው ያነበበው፤ ሃምሳ ሁለት ጊዜ።

ኩሩማ በ2000 ያወጣው «አላህ ግዴታ የለበትም» የተባለው ልብ ወለድ ቢራሂማ ስለሚባል ልጅ ወታደር ነው። ልጁ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት አገር ተነሥቶ እንግሊዝኛ ወደሚነገርባቸው ላይቤሪያና ሴራሊዮን ጦርነት ውስጥ ይገባል። ታሪኩን ሲናገር በእጁ አራት መዝገበ ቃላት አሉ። ሁለቱ የፈረንሳዮች ፈረንሳይኛ ናቸው፤ አንዱ አፍሪካውያን የሚናገሩት ፈረንሳይኛ፤ አራተኛው ሃራፕስ ነው፤ የፒጂን እንግሊዝኛውን ለማስረዳት። አንድ ከባድ ቃል በተናገረ ቁጥር ቆም ብሎ ይፈታዋል፤ የፈረንሳዩን ቃል ለአፍሪካዊው፣ የአፍሪካውን ቃል ለፈረንሳዊው፣ ፒጂኑን ለማያውቀው ሁሉ። ዕድሜውን በትክክል አያውቀውም፤ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ነው።

በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ኩሩማ ሥራውን ለጅቡቲ ልጆች ሰጥቶታል፤ እንዲጽፈው የጠየቁት እነሱ መሆናቸውንም እዚያው አስፍሯል። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ከድሬዳዋ ጠዋት በባቡር የተነሣ ሰው በዚያው ቀን ከተማቸው ይደርሳል።